ኦርጋኑና ደቀ መዝሙሩ፦ ስለ አብያተ ክርስቲያናት የቧንቧ ኦርጋን ጥበቃ ሂሳዊ ዳሰሳ

በ1520 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) በዶን ሮድሪጎ ዴ ሊማ የሚመሩት የፖርቱጋል መልእክተኞች በምጽዋ በኩል ገብተው ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ከተማ ሲጓዙ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ከያዙት ገጸ በረከት መካከል ከሰይፉና ከዓለም ካርታው ጋር ኦርጋንም እንደ ነበረበት፣ አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፎ ትቶልናል፤ ይኸው ጸሓፊ የመልእክተኞቹን ስም በተራ ሲዘረዝር ማኑኤል ዴ ማሬስ የሚባል ኦርጋን መቺ ከጓዱ እንደ ነበረ ይነግረናል። ለእኔ ከገጸ በረከቱ ዝርዝር ይልቅ የሚበልጠው ይህ ሁለተኛው ነገር ነው፤ መሣሪያውን የላከው መንግሥት መቺውን አብሮ መላኩ፣ ያለ ባለሙያ የተላከ ኦርጋን የእንጨትና የብረት ክምር ብቻ መሆኑን ጠንቅቆ ስላወቀ ይመስለኛል። ዛሬ በአውሮጳና በአሜሪካ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋኖችን ከጥፋት ለማዳን የሚደረገውን ብዙ ድካም ስመረምር ግን፣ ያ የጥንት ዕውቀት ተዘንግቶ ገንዘቡም አሳቡም ወደ ዕቃው አድልቶ አገኘዋለሁ። የዚህ ዳሰሳ ክርክር በአጭሩ፣ ኦርጋንን የሚጠብቀው ከአናጢው አስቀድሞ ደቀ መዝሙሩ ነው የሚል ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሰው ድምፅ፣ በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የምታመሰግን ስለ ሆነች ኦርጋን ከማኅሌቷ ስፍራ የለውም፤ ስለዚህም በነገሩ የምንናገረው እንደ ጎረቤት ነው። ነገር ግን ድጓውን ከብራናው ይልቅ በመሪጌታው ጉሮሮና በተማሪው ጆሮ ጠብቆ ያኖረ ሕዝብ፣ ጥበብ ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ መጽሐፉ በሣጥን ተቀምጦ ሳለ ዜማው እንደሚሞት ስለሚያውቅ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚለው ቃል አያጣም።

የኦርጋን ታሪክ ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምእት ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ክቴሲቢዮስ የነፋሱን ግፊት በውሃ ክብደት እያስተካከለ ቧንቧዎችን የሚያሰማ መሣሪያ ፈለሰፈ፤ ሮማውያን በአደባባይ ትርዒታቸው ተገለገሉበት፤ የቢዛንጥያ ነገሥታትም የቤተ መንግሥት ክብር አደረጉት፤ በ757 ቈስጠንጢኖስ 5ኛ ለፍራንኮች ንጉሥ ለፔፒን አንድ ኦርጋን በስጦታ ከላከለት በኋላ በምዕራቡ ዓለም ዝናው ወጣ፤ ቀስ በቀስም ወደ ገዳማቱና ወደ ካቴድራሎቹ ገባ። አሠራሩ በመሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ወናፉ ነፋሱን ወደ ነፋስ ሣጥኑ ይገፋል፤ መቺው በጣቱ ሰሌዳውን ወይም በእግሩ መርገጫውን ሲጫን ከቧንቧው ሥር ያለው ክዳን ይከፈትና ነፋሱ ሲያልፍበት ቧንቧው ይናገራል፤ ጣቱ እስኪነሣም ድረስ ድምፁ አይደክምም። ከቧንቧዎቹ ትንሹ ከጣት የሚያንስ ሲሆን፣ በታላላቆቹ ኦርጋኖች ረጅሙ እስከ 10 ሜትር ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ነፋስ መግፊያ ከመምጣቱ በፊት ወናፉን የሚረግጡ ሰዎች ከግድግዳው በስተጀርባ ይቆሙ ስለ ነበር፣ አንድ መዝሙር እንኳ ያለ ማኅበር አይሰማም ነበር። ከዚህም በላይ፣ እያንዳንዱ ኦርጋን ለቆመበት ሕንፃ ስፋትና ቁመት ተለክቶ፣ ድምፁ ከግድግዳውና ከጣራው ጋር ተስማምቶ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ሁለት ኦርጋኖች ፍጹም አንድ አይሆኑም።

ጥበቃ ማለት ምን እንደ ሆነ ለመመርመር በሐምቡርግ ከተማ ከሚገኘው ከቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የተሻለ ምስክር አላውቅም። ይህን ኦርጋን በ1693 ሠርቶ የፈጸመው አርፕ ሽኒትገር ነው፤ 60 የድምፅ ረድፎችና ወደ 4000 የሚጠጉ ቧንቧዎች አሉት። ሽኒትገር በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው ሊቅ ሆኖ ሳለ፣ ከእርሱ በፊት በነበረው ኦርጋን ውስጥ ያገኛቸውን የቀደምት ሠሪዎች ቧንቧዎች መልካም ሆነው ሲያገኛቸው አልጣላቸውም፤ አጥቦና አቃንቶ በራሱ ሥራ መካከል ሰደራቸው። በ1917 የጀርመን መንግሥት ለጦርነቱ ብረት ሲሰበስብ የፊት ለፊቱን የቆርቆሮ ቧንቧዎች ወሰዳቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ግን የደብሩ ሰዎች አስቀድመው ነቅተው ቧንቧዎቹንና የነፋስ ሣጥኖቹን አውርደው በመደበቃቸው፣ በ1944 ቤተ ክርስቲያኑ በቦምብ ሲመታ የተቃጠሉት የኦርጋኑ ትልቅ ሣጥንና ወናፎቹ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ጥገናው በየደረጃው ቀጠለ፤ በመጨረሻም ዩርገን አረንት የተባለው ሠሪ ከ1989 እስከ 1993 ባደረገው ሙሉ እድሳት የጠፋው ሁሉ በጥንቱ ብልሃት ተተክቶ፣ ኦርጋኑ 300ኛ ዓመቱን በሙሉ ድምፁ አከበረ። በሦስት መቶ ዘመን ውስጥ ይህን መሣሪያ ያተረፉት እጆች ሁሉ፣ ድምፁን የሚያውቁና ድምፁ ቢጠፋ ምን እንደሚጐድልባቸው የተረዱ ሰዎች እጆች ነበሩ። ሰምቶት የማያውቅ ሰው ቧንቧውን ከቦምብ ለማዳን መሰላል አይወጣም።

በዚሁ ደብር ለኦርጋን መቺነት በ1720 ከተወዳደሩት አንዱ ዮሐን ሴባስትያን ባኽ ነበር፤ ሹመቱን ያገኘው ግን ለቤተ ክርስቲያኑ 4000 ማርክ የሰጠ ሌላ ሰው ሆነ። የባኽ ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ ከዚያ 15 ዓመት አስቀድሞ፣ በ20 ዓመት ዕድሜው፣ ከአርንሽታት እስከ ሊዩቤክ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዞ የሽማግሌውን የዲትሪኽ ቡክስቴሁደን ኦርጋን ለመስማት መሄዱን፣ የተፈቀደለት 4 ሳምንት ሆኖ ሳለ 4 ወር ገደማ መቆየቱን፣ ሲመለስም ከአለቆቹ ተግሣጽ እንደ ጠበቀው ማስታወስ ይገባል። ይህን ታሪክ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ አኩፋዳውን አንግቦ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ የሚጓዘውን የቆሎ ተማሪ ሳያስብ አያልፍም። በሁለቱም ዘንድ ጥበቡ በመምህሩ ሰውነት ውስጥ ያለ ስለ ሆነ፣ ተማሪው ወደ መምህሩ ይሄዳል እንጂ ጥበቡ በራሱ ወደ ተማሪው አይመጣም። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው፤ የእኛ ተማሪ ድምፁን በጉሮሮው ይዞት ይዞራል፤ የኦርጋን ተማሪ ግን መሣሪያውን ወደ ቤቱ ሊወስደው አይችልም፤ የሚማርበት ቤተ ክርስቲያን ከተቈለፈበት ትምህርቱም ተቈለፈበት ማለት ነው።

የዘመናዊው የጥበቃ አሳብ ታላቅ አባት አልበርት ሽቫይጸር ነው። በላምባሬኔ ሐኪምነቱ ስሙ በአፍሪካ የታወቀው ይህ ሰው ኦርጋን መቺም ነበር፤ በ1906 ስለ ጀርመንና ስለ ፈረንሳይ የኦርጋን ሥራ ባሳተመው ድርሰት፣ ከፋብሪካ የሚወጡት ኃይለኛና ደረቅ ኦርጋኖች የቀደሙትን ለስላሳ መሣሪያዎች እየገፉ ማስጣላቸውን ተቃወመ፤ በስትራስቡርግ በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ዚልበርማን በ1741 የሠራው ኦርጋን እንዳይጠፋም ተሟገተ። ክብር ይገባዋል። ነገር ግን እርሱን ተከትለው የተነሡት የተሐድሶ ሰዎች ለጥንቱ ኦርጋን ባላቸው ፍቅር ተሸንፈው የ19ኛውን ምእት ዓመት ኦርጋኖች እንደ ርኩስ ቈጠሩአቸው፤ ብዙዎቹንም አፈረሱ ወይም ድምፃቸውን ለወጡ። እነሆ ዛሬ ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው የፈረሱትን እያሰቡ ያዝናሉ። አንድ ትውልድ የአባቱን ሥራ ንቆ የአያቱን ሥራ በሚያከብርበት አገር፣ ጥበቃ የሚባለው ነገር የዘመኑን ምርጫ ከማስፈጸም አያልፍም። የሽኒትገርን ትሕትና የያዘ ሰው ግን መልካሙን ቧንቧ ማን እንደ ሠራው ሳይጠይቅ ያኖረዋል።

የመሣሪያው ጠላቶች ብዙዎች ናቸው፤ ነቀዝ ሣጥኑን ይበላል፤ ለምእመናን ምቾት የገባው የብርድ ወራት ማሞቂያ እንጨቱን አድርቆ ይሰነጥቀዋል፤ በሊዩቤክ እንደ ታየው ከሣጥኑ እንጨት የሚወጣው የኮምጣጤ አሲድ የእርሳስ ቧንቧውን እግር ይበሳዋል። ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒት ተገኝቷል። የከፋው ጠላት ዝምታ ነው። የማይመታ ኦርጋን አቧራ ይጠጣል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ክዳኑ ይጣበቃል፤ ሰሚ የሌለው ብልሽትም ጠጋኝ አያገኝም።

በ2017 ዩኔስኮ የጀርመንን የኦርጋን ሥራና ሙዚቃ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ በዚያች አገር ከ50000 በላይ ኦርጋኖች፣ ወደ 400 የሚጠጉ የሥራ ቤቶች፣ 2800 ሠራተኞች መኖራቸው ተነግሯል፤ በሥራ ላይ የሚሠለጥኑት ልጆች ግን 180፣ ሙሉ ጊዜያቸውን ለኦርጋን የሰጡት መቺዎች ደግሞ 3500 ነበሩ። ቀሪውን ሸክም የተሸከሙት በየመንደሩ ያለ ደመወዝ ወይም በጥቂት ድጎማ የሚያገለግሉ በዐሥር ሺዎች የሚቈጠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መዝገቡ የከበረው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ጥበቡ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ቍጥሮቹን አጠገብ ለአጠገብ ለሚያይ ሰው ግን ከመሣሪያው ብዛት ጋር የሚመጣጠን ወራሽ አለመኖሩ ግልጽ ነው።

ታዲያ ልጅን ወደ ኦርጋን የሚያመጣው ምንድር ነው? ከኔዘርላንድ የመጣው ኦርገልኪድስ የተባለ ሥራ መልሱን በሚገባ ያገኘ ይመስለኛል። ልጆች የተበታተነ ትንሽ ኦርጋን ይሰጣቸዋል፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ በእጃቸው ገጣጥመው፣ ወናፉን ነፍተው፣ ቧንቧዎቹን ሰክተው ራሳቸው ያስጮኹታል። በአሜሪካም በ1896 የተመሠረተው የኦርጋን መቺዎች ማኅበር ከ13 እስከ 18 ዓመት ለሆናቸው ወጣቶች በየክረምቱ ዕረፍት የአንድ ሳምንት ትምህርት እያዘጋጀ ከመምህራን ጋርና እርስ በርሳቸው ያገናኛቸዋል። ይህ ሁለተኛው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ በመንደሩ ብቻውን ኦርጋን የሚወድ ልጅ፣ እንደ እርሱ ያሉ መኖራቸውን ካላየ ፍቅሩ በብቸኝነት ይከስማል።

በፓሪስ ኖትር ዳም ካቴድራል በ15 ኤፕሪል 2019 በደረሰው ቃጠሎ ወደ 8000 ቧንቧዎች ያሉት ታላቁ ኦርጋን ከእሳቱ ተረፈ፤ የእርሳስ ትቢያ ግን ስለ ሸፈነው ተፈታትቶ፣ ታጥቦ፣ እንደ ገና ተገጥሞ ድምፁ ተቃኘ። በ7 ዲሴምበር 2024 ካቴድራሉ ሲከፈት ሊቀ ጳጳሱ ኦርጋኑን እንደ ሕያው ፍጡር ስምንት ጊዜ ጠራው፤ በየጥሪውም መቺዎቹ መለሱለት። ከአራቱ መቺዎች አንዱ በዚያው ዓመት የተሾመ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ወጣት ነበር። ዓለም ሁሉ ስለ እድሳቱ ወጪና ስለ ጣራው እንጨት ሲያወራ፣ እኔ የዚያን ወጣት ሹመት ከእድሳቱ ሥራዎች ሁሉ እንደ ዋነኛው እቈጥረዋለሁ። የአንድ ካቴድራል ዕድል ግን የሺህ መንደር ደብሮችን ችግር አይፈታም። በመንደሩ ደብር የሚያስፈልገው ቀላል ነገር ነው፦ ለልጁ የሚሰጥ የበር ቍልፍ፣ በብርድ ወራት ጥቂት ሙቀት፣ እሑድ ሲሳሳት የሚታገሥ ጉባኤ፣ ለአገልግሎቱም ተመጣጣኝ ደመወዝ። ለጥገና ከሚሰበሰበው ገንዘብ ከፊሉ በሕግ ለተማሪ እንዲመደብ ካልተደረገ፣ የታደሱት ኦርጋኖች በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንደ ገና ዝም ማለታቸው አይቀርም።

ይህን ጉዳይ ከአማርኛ አንባቢ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው አንድ ነገር አለ። በአውሮጳና በአሜሪካ የሚኖሩ ምእመኖቻችን ከምዕራባውያን ማኅበራት ተከራይተው ወይም ገዝተው በሚቀድሱባቸው አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ፣ በሰገነቱ ላይ የቀድሞ ባለቤቶቹ ትተውት የሄዱት ኦርጋን ሊገኝ ይችላል። ለቅዳሴያችን ባይሆነንም የሌላ ክርስቲያን ሕዝብ የጸሎት ዕቃ ነውና፣ ለቦታ ጥበት ብሎ ቧንቧውን ለብረት ገዥ መስጠት አይገባም። እንዲህ ያለ ሕንፃ በእጃችሁ የገባ የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ሳትነኩት የኦርጋን ሠሪ ጠርታችሁ አሳዩት፤ ማስቀመጥ ካልቻላችሁ ወደሚገለገልበት ደብር እንዲዛወር የሚረዱ ማኅበራት አሉና ጠይቁ፤ ማስቀመጥ ከቻላችሁ ግን፣ ቅዳሴና ማኅሌት በሌለበት ሰዓት ሊለማመድበት ለሚመጣው ለአካባቢው ልጅ በሩን ክፈቱለት።