ውሻውን ማን ይያዘው?

ከቢሾፍቱ ተመርቃ በቅርቡ ወደ እኛ የመጣች ወጣት ሐኪም፣ አንድ ግዙፍ የመጋዘን ውሻ ጆሮውን እስኪያሳየን ወለል ላይ ተቀምጠን ስንለማመጠው አይታ አይታ ሲታክታት፣ «ዶክተር፣ ዛይላዚን መደርደሪያው ላይ እያለ ለምንድነው ውሻ ደጅ የምንጠናው?» አለችኝ። መልሴ ረዝሞ የምሳ ሰዓት አለፈባት። በትህትና ሰማችኝ፤ እንዳላመነችኝ ግን ያስታውቅ ነበር። የቀረኝን እዚህ ልጨርሰው።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የተግባር ልምምዷን የሠራችው አንድ የማከብረው የሙያ ባልደረባዬ ዘንድ ነው። ቀዶ ሕክምና ላይ እጁ ወርቅ ነው። ውሻ አያያዙ ግን እንዲህ ነው፦ ሰንሰለቱ በብረት በሩ ፍርግርግ መሃል ይሳባል፣ ውሻው አንገቱ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፣ ከኋላ በኩል ጭኑ ላይ የማስተኛው የዛይላዚን መርፌ ይሰካበታል። ትንሽ ቆይቶ ጠረጴዛ ላይ የተዘረረ ውሻ ታያላችሁ። ንክሻ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ወረፋው ይሄዳል። «አንተ ከውሻ ጋር ወግ ስትጠርቅ እኔ አምስቱን እጨርሳለሁ» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ይጨርሳል። ክርክራችን ምን እንደሚጨርስ ላይ ነው።

መጠኑንና አወጋጉን ለሙያው ሰው አልዘረዝርም። ሁላችንም እያወቅን የምንረሳው ነገር ግን አለ፦ በፍርሃት የጋለ ውሻ ላይ ዛይላዚን በወጉ አይሠራም። አድሬናሊን ውስጡን እየናጠው መድኃኒቱ የፈዘዘ ያስመስለዋል እንጂ አያስተኛውም። ስለዚህ መርፌው ይደገማል፤ ውሻው ሲረጋጋ ድርቡ አንድ ላይ ይወርድበታል፤ የልብ ምቱ ይዘገያል። ማስታወክም አለ። ዛይላዚን የተወጋ ውሻ ብዙ ጊዜ ያስታውካል። አፉ በፋሻ ታስሮ ከሆነ ትውከቱ የት ይሂድ? ወደ ሳንባው ነው የሚሄደው። አፍ አስሮ ዛይላዚን መስጠት እኛ ዘንድ ክልክል ነው፤ ለማንም፣ በምንም ምክንያት።

የማደንዘዣ ጠላት አይደለሁም። የተሰበረ እግር ሳያደነዝዙ ማገላበጥ ጭካኔ ነው። የምቃወመው የሰው እጅ እጥረትን በመድኃኒት መሸፈንን ነው።

ድመት ላይ ነገሩ ይብሳል። የእኛ ሰፈር ድመት በፕላስቲክ ሣጥን አትመጣም። በዘንቢል፣ በሙዝ ካርቶን፣ አንዳንዴም አፉ በሲባጎ በታሰረ ማዳበሪያ ተከታ፣ ከሳሪስ ወይም ከገላን በታክሲ፣ ከሰው እግር ሥር ተወሽቃ ነው የምትደርሰን። ይህች ድመት እንደመጣች ደሟ ቢመረመር ስኳሯ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ድመት ስትደነግጥ ስኳሯ ይወጣል። የቸኮለ ሐኪም የስኳር ሕመምተኛ ናት ብሎ ኢንሱሊን ሊያዝላት ነው። ሙቀቷም የልብ ምቷም ያው ነው፤ የለካነው ድመቷን ሳይሆን የታክሲውን ጉዞ ነው። ስለዚህ ዘንቢሉን የውሻ ድምፅ ከማይደርስበት ክፍል አስገብተን፣ ነጠላ ጣል አድርገንበት፣ ባለቤቷ እስክታኮርፈን ድረስ እንተዋታለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ፤ የሚያውቁኝ ሰዎች እዚህ ላይ «ጀመረው!» ይላሉ። የእንስሳት ክሊኒክ የሚቆመው በሐኪሙ አይደለም፣ በሚይዘው ሰው ነው። የእንስሳት ጤና ረዳት ባለሙያዎቻችን ጎበዞች ናቸው፤ ግን አብዛኛው ሥልጠናቸው ላምና በሬ ነው፣ እኔም ራሴ የተማርኩት እንደዚያው። ከብት በገመድ ይጣላል፣ ይታሰራል፣ ይታከማል። ያንን ልማድ ይዘን ውሻ ላይ ስንመጣ የቀለለ ጥጃ ይመስለናል።

እኛ ዘንድ የሚይዘው ሰው ቀድሞ ባለጋሪ ነበር። በአቃቂ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ባጃጅ ጋሪውን ሲገፋው፣ ፈረሱም ቢቺ ይዞት ከእግሩ ቆዳ ሥር እብጠቱ ተሰልፎ እየፈነዳ ከሥራ ሲወጣ፣ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ማንም አላስተማረውም። አንድ ቀን መጥረጊያውን አስቀምጦ ሁለት ሰው ያቃተውን ውሻ ያዘ፤ ከዚያ በኋላ መጥረጊያውን ሌላ ሰው ነው ያነሳው።

ውሻ ሲገባ ጋሼ ፊት ለፊት አይቆምም። ጎኑን ሰጥቶ ዝቅ ይልና ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፤ ዓይኑን ወለሉ ላይ ያደርጋል። እጁን አይዘረጋም። ብዙ ሰው «ያሽትተኝ» ብሎ መዳፉን አፍንጫው ሥር ይደቅናል፤ የፈራ ውሻ ግን ይህን እንደ ማስፈራሪያ ነው የሚወስደው። ጋሼ ውሻው በራሱ ጊዜ መጥቶ ጉልበቱን እስኪያሸት ይጠብቃል። ሲመጣም አናቱን አይነካም፤ ከደረቱ ወይም ከትከሻው ይጀምራል። ፋሻ ካስፈለገ አፉ ላይ አንድ ዙር ያጠልቃል፣ አገጩ ሥር ያቋርጠዋል፣ ጫፎቹን ከጆሮው ኋላ በአንድ ስበት በሚፈታ ቋጠሮ ያስራል። ሙያው ያቺ አንድ ስበት ላይ ነው። የውሻው ሆድ መናጥ እንደጀመረ፣ እኔ «ፍታው» ሳልል ፋሻው መሬት ወርዷል።

ከሁሉ በላይ መቼ እንደሚለቅ ያውቃል። አዲስ ሰው ውሻ ሲያጉረመርም ይበልጥ ያጠብቃል፤ ጋሼ ያላላል፣ ውሻው እስኪተነፍስ ይታገሳል፣ እንደገና ይይዛል። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ስላጉረመረመ የተመታ ውሻ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያጉረመርም ነው የሚነክሰው፤ በዱላ የሚያምኑ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነበር።

ሶፊያ ዪን የምትባል አሜሪካዊት የእንስሳት ሐኪም ውሻና ድመትን ሳያስጨንቁ ስለመያዝ በ2009 እ.ኤ.አ. በፎቶግራፍ የተደገፈ ትልቅ መጽሐፍ አሳትማለች። ወጣቷ ሐኪማችን ከመጽሐፉ ሥዕሎች አንዳንዶቹን በስልኳ ለጋሼ አሳየችው። ድመት በፎጣ የምትጠቀለልበትን ገጽ ረጅም ጊዜ አየና «ፎጣው ጥሩ ነው» አላት። ሌላው አዲስ አልሆነበትም። በሬውን ቦራ፣ ዳልቻ እያለ ጠርቶ የሚያርስ ሰው ቤት ያደገ፣ ከእንስሳ ጋር መነጋገርን እንደ ብልሃት አይቆጥረውም።

ባለቤቱ ይያዘው የሚሉም አሉ። አልፈቅድም። ባለቤት ይሳሳል፣ ይደነግጣል፣ ፊቱን ውሻው አፍ ላይ አድርጎ «አይዞህ» ይላል። እኛ አካባቢ ደግሞ ባለቤት የሚባለው ራሱ ማን እንደሆነ ግልጽ አይደለም። ውሻ እዚህ በአብዛኛው ሠራተኛ ነው። ከቃሊቲ ጉምሩክ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው መጋዘን፣ ፋብሪካና የከባድ መኪና ማቆሚያ የየራሱ ውሻ አለው፤ ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት ልቅ። በወረቀት የድርጅቱ ነው፤ የሚያበላው፣ ስም የሚያወጣለት፣ አብሮት የሚያድረው ግን ዘበኛው ነው።

አንድ ማታ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ መኪና የገጨው ውሻ በጋቢያቸው ጠቅልለው በባጃጅ አመጡ። «ዶክተር፣ ግሉኮስ ስጥልኝ» ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው፤ እኛ አገር ሰውም ውሻም የሚድነው በግሉኮስ ነው። ድዱን አየሁት፣ ነጥቷል። ሪንገር ቀጠልንለት፣ ሕመሙን አስታገስን፣ ሲረጋጋ ዳሌው መሰበሩን አየን። ያን ሁሉ ሰዓት ጋሼ ውሻው ጎን ተኝቶ የፊት እግሩን ከነመርፌው ይዟል። ሽማግሌው ሒሳቡን ከራሳቸው ኪስ ሊከፍሉ ፈለጉ፤ አለቆቻቸው ቢሰሙ «ሌላ ውሻ አምጣ» እንደሚሏቸው ያውቃሉ። ውሻው ሲያቃስት ወደ ግድግዳው ዞረው ዓይናቸውን በጋቢው ጫፍ ጠረጉና «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አሉ። ጋሼ ቀና ሳይል «ሰሞኑን ሁሉንም ይዞታል አባቴ» አላቸው። የዳሌ ስብራት ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና በእረፍት ብቻ ይጠግናል። ውሻው እረፍቱን የጨረሰው በጥበቃ ጎጆዋ ውስጥ፣ ከሽማግሌው አልጋ ሥር ነው።

ፓርቮ ስለያዛቸው ቡችሎች ክፍል ብዙ አልልም። ቫይረሱን አልኮል አይገድለውም፣ በረኪና ይገድለዋል፤ ወለል ላይ ለወራት ይቆያል። እዚያ ክፍል ቡችላ የያዘ ሰው ጋውንና ጫማ ሳይቀይር ሌላ ቡችላ አይነካም። የሚይዘው ሰው ይህን ካላወቀ በሽታውን ከክፍል ወደ ክፍል የሚያዞረው እርሱ ራሱ ነው።

ስለ ያዡ የምከራከረው ለውሻው ብዬ ብቻ አይደለም። አንዲት እናት መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ ውሻ አምጥተው «ልጄ፣ አጥንት ተሰክቶበት ነው፣ አውጣለት» አሉኝ። ጋሼ እንደልማዱ ዝቅ አለ፣ አየው፣ ከዚያ ተነስቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ማንም አፉን እንዳይነካ» አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ እየሮጠ የሚናከስ አይደለም። ዝም ያለም አለ፦ መንጋጋው ሽባ ይሆናል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ባለቤቱም አጥንት ነው ብሎ ጣቱን ይከታል። እርሳቸውም ከተው ነበር። እጃቸውን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ እንዲታጠቡ አደረግንና በዚያው ለክትባት ላክናቸው። ውሻው ተለይቶ በተዘጋበት ሞተ፤ የአንጎሉ ናሙና ጉለሌ ሄዶ ተረጋገጠ። ሴትዮዋ ክትባታቸውን በሰዓቱ ጀምረው ስለነበር ዛሬም ደህና ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሰው ከዚህ በሽታ አይድንም ማለት ይቻላል።

ጉለሌ ያልኩት የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው እስካሁን ፓስተር ይለዋል። ከአቃቂ እዚያ ለመድረስ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። ያለፈው ትውልድ ፓስተር ሲባል የሚያስታውሰው ከበግ አንጎል የሚሠራውን፣ በየቀኑ እየተመላለሱ ሆዳቸው ላይ ይወጉት የነበረውን ክትባት ነው። በሽታው እንግዳችን አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያ ስለዚህ በሽታ ታሪክ በጻፉት ጥናት ላይ አዲስ አበባን በ1895 ዓ.ም. ክረምት የመታ ትልቅ ወረርሽኝ ተመዝግቧል። ከተማዋ ገና ልጅ ሳለች ማለት ነው።

እናቴ ለጎረቤት «ልጄ የከብት ሐኪም ነው» ትላለች፤ የውሻ ብላ አታውቅም። አልፈርድባትም፣ እኛ ቤት ውሻ ደፍ አያልፍም ነበር። እኔም ስማር ያሰብኩት በሬና ላም ነው። ውሻና ድመት የመጡት በኋላ፣ ለእንጀራ ተብሎ ነው፤ ከዚያ በኋላ መውጫው ጠፋኝ። ሰው ወሬውን ሳይጨርስ የማቋርጥ ችኩል ሰው ነበርኩ። ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ዓይን ሰብሮ፣ ሌላው እስኪመጣ መጠበቅን የተማርኩት ከአንድ የቀድሞ ባለጋሪ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት አኩርፋ ስትመጣ ዛሬ አልጠይቃትም። አጠገቧ፣ ጎን ለጎን ሆኜ እቀመጣለሁ፤ ሲላት ትናገራለች። ሚስቴ «እኛን እንደ ውሻ ነው የምትይዘን» ትለኛለች። ምስጋና አድርጌ ነው የወሰድኩት።

ለክሊኒክ ባለቤቶች ግን አንድ ልመና አለኝ። አልትራሳውንድ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀማችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እያጠራቀምኩ ነው። ከዚያ በፊት ውሻውን የሚይዘውን ሰው አስከትቡት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ሳይነከሱ በፊት የሚሰጠውን ክትባት ወደ ሁለት ቀን ቀጠሮ አሳጥሮታል፤ በመጀመሪያው ቀንና በ7ኛው ቀን። አስቀድሞ የተከተበ ሰው ቢነከስ ማጠናከሪያ ይወስዳል እንጂ ውዱና እንደልብ የማይገኘው ኢሚኖግሎቡሊን አያስፈልገውም። ሐኪሙ ተከትቦ የሚይዘው ሰው ያልተከተበበት ክሊኒክ አውቃለሁ፤ ጥርሱ የሚቀርበው ደግሞ ለያዡ ነው። ወጪው ከክሊኒኩ ካዝና ይውጣ፣ ከሰውየው ደመወዝ አይቆረጥ።