ከችሎቱ በፊት የሚቀርበው ጥያቄ፤ የሕፃናት ምስክርነትና የአጠያየቅ ሥርዓት በልደታ

በአማርኛ የምስክርን ቃል ጽናት ለማስረዳት «በዓይኔ በብረቱ አየሁ» ማለት የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር፣ ያየ ሰው ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያኖረዋል፣ በተጠየቀም ጊዜ እንዳለ ያወጣዋል የሚል እምነት ያዘለ ነው። የሥነ ልቡና ጥናት ግን ይህን እምነት አይደግፈውም። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናቱ፣ ሰዎች አንድን እንግዳ ታሪክ አንብበው ደጋግመው ሲተርኩት፣ ያልገባቸውን እየተዉና የጎደለውን ከሚያውቁት ኑሮ እየሞሉ እንደሚለውጡት አሳይቷል። ስለዚህ ማስታወስ ከሣጥን ውስጥ የተቀመጠን ዕቃ እንደ ማውጣት ሳይሆን፣ በተረፈው መሠረት ላይ ቤቱን እንደገና እንደ ማቆም ያለ ሥራ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ የጠያቂው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ ያሳየው ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ጥናት ነው። ከሁለቱ ሙከራዎቻቸው በአንደኛው ለ150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት የሚታይበት ፊልም ቀረበላቸው። ለ50ዎቹ መኪናዎቹ «ሲጋጩ» ፍጥነታቸው ምን ያህል እንደነበር ሲጠየቁ፣ ለሌሎቹ 50ዎች «ሲጨፈላለቁ» በሚል ብርቱ ቃል ተጠየቁ፤ የቀሩት 50ዎች ስለ ፍጥነት አልተጠየቁም። ከአንድ ሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይተው እንደሆነ ለሁሉም ጥያቄ ቀረበላቸው። በፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ይሁን እንጂ «ሲጨፈላለቁ» ከተባሉት 16ቱ፣ «ሲጋጩ» ከተባሉት 7ቱ፣ ካልተጠየቁት ደግሞ 6ቱ አይተናል አሉ። እነዚህ ሰዎች ሐሰት ለመናገር አላሰቡም፤ ከጥያቄው ያገኙት ቃል ከትዝታቸው ጋር ተዋህዶ ነበር። አዋቂዎችን ይህን ያህል የሚያስት ጥያቄ በሕፃን ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በአዲስ አበባ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ለሕፃናት ምቹ የሆነ ችሎት መቋቋሙ ከዚህ አንጻር ሊመረመር የሚገባው እርምጃ ነው። በዚህ አሠራር መሠረት ጥቃት የደረሰበት ሕፃን ከችሎቱ አዳራሽ ተለይቶ በሌላ ክፍል ይቀመጣል፤ ቃሉም በካሜራና በቴሌቪዥን አማካይነት ለችሎቱ ይደርሳል። የዐቃቤ ሕግና የተከላካይ ጠበቃ ጥያቄዎች ለሕፃኑ የሚቀርቡት በቀጥታ ሳይሆን በመካከል ባለ ባለሙያ በኩል ነው። ሕፃኑ በተከሳሹ ፊት እንዳይንቀጠቀጥ፣ በካባና በከፍተኛ ወንበርም እንዳይሸበር መደረጉ ምስጋና የሚገባው ነው። ፍርሃት ያየውን እንዳይናገር የሚያደርግ ሕፃን ብዙ ነውና።

ይሁን እንጂ ክፍሉ ሕፃኑን ከፍርሃት ይጠብቀዋል እንጂ ትዝታውን ከጥያቄው አይጠብቀውም። በመካከል ያለው ባለሙያ የሕግ ሰዎችን አስቸጋሪ ቋንቋ ለሕፃን በሚገባ ቃል የመለወጥ ኃላፊነት አለበት። «ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?» የሚለውን ጥያቄ ለማቅለል ሲባል «ከዚያ በኋላ መታሽ?» ብሎ ቢያቀርበው፣ ክፍት የነበረው ጥያቄ ባንድ ጊዜ መልሱን በውስጡ ይዞ ይገኛል። እንግዲህ ባለሙያው ርኅሩኅ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የጥያቄን ባሕርይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሊሆን ይገባል።

ሕጉ ራሱ ይህን አደጋ ፈጽሞ አልዘነጋውም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137፣ በዋና ጥያቄ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ ለምስክር እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ ግን ይፈቅዳል። ጉድለቱ ያለው ከችሎቱ በፊት ባለው ደረጃ ነው። ፖሊስ ምስክሮችን ስለሚጠይቅበት ሁኔታ የሚናገረው አንቀጽ 30 የምስክሩ ቃል እንዲጻፍ ያዛል፤ አንቀጽ 31 ደግሞ ማባበልን፣ ማስፈራራትንና ተስፋ መስጠትን ይከለክላል። ስለ መሪ ጥያቄ ግን በአንቀጽ 137 እንደተነገረው በግልጽ የተነገረ ነገር የለም። ያልተባበለና ያልተፈራራ ምስክር በጥያቄ ብቻ ሊሳሳት ይችላል። ትዝታው በመጀመሪያው ጥያቄ ከተለወጠ በኋላ በችሎት ፊት የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ የተበረዘውን ቃል በጥንቃቄ ከማዳመጥ አያልፍም።

ይህ የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በፖሊስ ጣቢያ እንኳ አይደለም፤ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ነው። ፊቱ የጠቆረውን፣ ከትምህርት የቀረውን፣ ከጓደኞቹ የሸሸውን ልጅ አስቀድሞ የሚያስተውለው መምህሩ ነው። ስለሆነም የልደታው ችሎት ጉዳይ የዳኞችና የጠበቆች ብቻ ሳይሆን የመምህራንም ጉዳይ ነው።

ከዚህ ላይ ሊሸሸግ የማይገባው ችግር አለ። በክፍል ውስጥ የሚለመደው አጠያየቅ ለምስክር ከሚያስፈልገው አጠያየቅ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። መምህሩ በክፍል የሚጠይቀው የሚያውቀውን ነገር ነው፤ ተማሪውም በመምህሩ ልብ ያለውን መልስ ለማግኘት ይጥራል። «አላውቅም» ያለ ተማሪ ሰነፍ ይባላል። ጥያቄው ከተደገመም የመጀመሪያው መልስ ስሕተት ነበር ማለት እንደሆነ ተማሪው ከልምድ ያውቃል። በምስክርነት ጊዜ ግን ጠያቂው እውነቱን አያውቅም፤ «አላውቅም» የሚለውም መልስ ከሁሉ የታመነ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ልማድ ኃይል በፒያዤ ሙከራ ላይ በተደረገ ጥናት ታይቷል። በፒያዤ ሙከራ ሁለት ትክክል የሆኑ የጠጠር ረድፎች ለሕፃኑ ቀርበው እኩል መሆናቸውን ይጠየቃል፤ ቀጥሎ አንደኛው ረድፍ ዘርዘር ተደርጎ ያው ጥያቄ ይደገምለታል። ብዙ ሕፃናት በሁለተኛው ላይ ይሳሳታሉ። ሱዛን ሮዝና ማሪየን ብላንክ እ.ኤ.አ. በ1974 የመጀመሪያውን ጥያቄ ትተው ከለውጡ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የስድስት ዓመት ልጆችን ቢጠይቁ ስሕተቱ ቀነሰ። ከስሕተቱ ከፊሉ የመጣው ከዕውቀት ማነስ ሳይሆን ከጥያቄው መደጋገም ነበር ማለት ነው። «እርግጠኛ ነህ? እስቲ ደግመህ አስብ» የሚባል ሕፃንም ትዝታውን ሳይሆን የመምህሩን ፊት ሊመረምር ይችላል።

የአማርኛ ቋንቋ ባሕርይም የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ዱላ ይዞ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ዱላ መኖሩን ይጠይቃል፤ «ዱላውን በየትኛው እጁ ይዞት ነበር?» የሚለው ግን ዱላ መኖሩን አስቀድሞ ያጸድቃል፤ ለውጡ በከፊል በቃሉ መጨረሻ ከተጨመሩት ፊደላት የመጣ ነው። «ማን መጣች?» ብሎ የጠየቀ ሰው የመጣችው ሴት መሆኗን ነግሯል። ከዚህ የሚከብደው የአክብሮት አነጋገር ነው። በአክብሮት ያደገ ልጅ «መቱኝ» ቢል አንድ ትልቅ ሰው መታኝ ማለቱ ነው ወይስ ብዙ ሰዎች? ጠያቂው ሳያጣራ «ብዙ ሰዎች መቱኝ አለ» ብሎ ቢጽፍ፣ ልጁ ከጊዜ በኋላ በችሎት ስለ አንድ ሰው ሲመሰክር ቃሉን ለወጠ ተብሎ ይከሰሳል። ልጁ ግን የተናገረው በሁለቱም ጊዜ አንድ ነገር ነው። ስለዚህ መልሱ ብቻ ሳይሆን ጥያቄውም በተነገረበት ቃል መጻፍ አለበት።

በአገሪቱ ጥንታዊ ልማድ በአውጫጭኝ ጊዜ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ይመረመር ነበር። በትምህርት ቤት ዕቃ ሲጠፋ ክፍሉን በሙሉ አሰልፎ «ያየ ይናገር፤ እስኪገኝ ድረስ ማንም አይወጣም» ማለት ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም። እንዲህ ያለው አሠራር ስም እንዲጠራ ያስገድዳል፤ የተጠራው ስም እውነተኛው መሆኑን ግን አያረጋግጥም። አንዱ የሌላውን ቃል ሰምቶ ሲናገርም፣ የአሥር ልጆች ምስክርነት የአንድ ልጅ ግምት አሥር ጊዜ የተደገመ ሊሆን ይችላል።

የአጠያየቅ ጉድለት ወዴት እንደሚያደርስ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት የማክማርቲን መዋዕለ ሕፃናት ክስ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረው ምርመራ በብዙ ሕፃናት ላይ በመሪና በተደጋጋሚ ጥያቄዎች ተካሄደ፤ ክሱም በ1990 አንድም ሰው ጥፋተኛ ሳይባል ተዘጋ። ጉዳቱ በሁለት ወገን ነበር፤ ተከሳሾቹ ለዓመታት ተንገላቱ፤ ከሕፃናቱ አንዱ እንኳ በእውነት ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ፣ እውነተኛውን ቃል ከተጨመረው መለየት የሚቻልበት መንገድ አልቀረም።

ከዚህ ተነሥቶ የሕፃን ቃል አይታመንም ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። ማይክል ላምና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የሕፃናት ጤናና የሰው ልጅ ዕድገት ተቋም ያዘጋጁት የአጠያየቅ መመሪያ ክፍት በሆኑ ጥያቄዎች ላይ የተመሠረተ ነው። በዚህ መንገድ የተጠየቁ ሕፃናት፣ የአራት ዓመት ልጆች ጭምር፣ ጠቃሚ ቃል ሊሰጡ እንደሚችሉ ታይቷል። ክፍት ጥያቄ አጭር መልስ ያስገኛል የሚል ተቃውሞ ይሰማል፤ በእርግጥም የፈራ ልጅ ዝም ይላል። የዝምታ መድኃኒቱ ግን መታገሥና ልጁ ራሱ የተናገረውን ቃል ይዞ «ስለዚያ ጨምረህ ንገረኝ» ማለት እንጂ ለልጁ ቃል ማበደር አይደለም።

ከላይ ከተዘረዘረው የሚከተለው የሥራ ድርሻ ግልጽ ነው። መምህሩ መርማሪ አይደለም። ልጁን ከሌሎች ለይቶ፣ «ምን ሆነ? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» ብሎ፣ ሳያቋርጥ ሊሰማ፣ «አላውቅም» ማለትም እንደሚቻል ሊነግረው ይገባል። ጥያቄውንና መልሱን በተነገሩበት ቃል ከነሰዓቱ ጽፎ፣ ምርመራውን ሳይቀጥል፣ ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል ማስተላለፍ አለበት። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ይህን አጠያየቅ በመምህራን ሥልጠና ውስጥ በልምምድ እንዲሰጥ ቢያደርጉ፣ ለየትምህርት ቤቱም ጥያቄና መልስ ጎን ለጎን የሚጻፍበት አንድ ቅጽ ቢያዘጋጁ ወጪው ከባድ አይሆንም። የልደታው ችሎት ካሜራና ልዩ ክፍል ተዘጋጅቶለታል፤ ወደዚያ ክፍል የሚገባው ሕፃን የራሱን ትዝታ ይዞ እንዲገባ ማድረግ ግን አስቀድሞ የጠየቁት ሰዎች ኃላፊነት ነው።