የጨለማ ክፍሉ «የምግብ አሰራር መጽሐፍ» ብር ይቆጥባል ወይ?

ፊልም በራሳቸው የሚያጥቡ ሰዎች በደንብ የሚያውቁት አንድ መጽሐፍ አለ፤ የስቲቭ አንቼል «ዘ ዳርክሩም ኩክቡክ»። መጀመሪያ የታተመው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የጨለማ ክፍል የምግብ አሰራር መጽሐፍ» እንደማለት ነው። ሐሳቡም ግልጽ ነው፦ የታሸገ ኬሚካል ከመግዛት ዱቄቱን ገዝታችሁ ራሳችሁ በጥብጡ።

ይሄ ሐሳብ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ዲ-23 የተባለውን የኮዳክ ቀመር እንየው። 7.5 ግራም ሜቶልና 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት በውሃ ሟሙተው 1 ሊትር ይሆናሉ። አለቀ! ብርሃን ያረፈባቸው የሲልቨር ብሮማይድ ቅንጣቶች ከሜቶሉ ኤሌክትሮን ይቀበሉና ወደ ጥቁር ብረታ ብረት፣ ማለትም ወደ ንጹህ ብር ይለወጣሉ። ሰልፋይቱ ደግሞ ሜቶሉ በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። የቀረው ውሃ ነው። በፈሳሽ መልክ የተዘጋጀ ማጠቢያ ስንገዛ እንግዲህ ለውሃም፣ ውሃውን ተሸክሞ ለመጣው መኪናም እየከፈልን ነው።

የእኔ ቅሬታ ከቀመሮቹ ጋር ሳይሆን ከርዕሱ ጋር ነው። «ምግብ አሰራር» ሲባል ወጥ ቤት ይታየናል። ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ እንቀምሳለን፤ ጨው ካነሰ እንጨምራለን፣ በርበሬ በእጅ ልክ እንበትናለን። ጨለማ ክፍል ውስጥ መቅመስ የለም። መሳሳታችሁን የምታውቁት ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ፎቶው ሄዷል።

ሦስት ምሳሌ ልስጣችሁ። አንደኛው ሚዛን ነው። ዲ-76 በተባለው ታዋቂ ቀመር ውስጥ ለ1 ሊትር 100 ግራም ሰልፋይትና 2 ግራም ሜቶል ይገባል። የወጥ ቤት ሚዛናችሁ በግማሽ ግራም ቢሳሳት በሰልፋይቱ ላይ ስህተቱ 0.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ምንም አይደል። በሜቶሉ ላይ ግን 25 በመቶ ይሆናል!

ሁለተኛው በዱቄቱ ውስጥ የተደበቀ ውሃ ነው። ብዙ ማጠቢያ ውስጥ የሚገባው ሶዲየም ካርቦኔት ደረቅ ሆኖም፣ በክሪስታሉ ውስጥ ውሃ ይዞም ይሸጣል። አሥር የውሃ ሞለኪውል የያዘውን ከገዛችሁ የ10 ግራም ደረቅ ካርቦኔትን ሥራ ለማሠራት ወደ 27 ግራም ያስፈልጋችኋል። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሳያነብ የበጠበጠ ሰው ከግማሽ በታች ነው የጨመረው።

ሦስተኛው ቅደም ተከተል ነው። ሜቶል ሰልፋይት በበዛበት ውሃ ውስጥ አልሟሟ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁንጥር ሰልፋይት፣ ከዚያ ሜቶሉ፣ እሱ ሲሟሟ ደግሞ የቀረው ሰልፋይት ይገባል። ወጥ ላይ ጨው ቀድሞም ዘግይቶም ሊገባ ይችላል፤ እዚህ ግን አይቻልም።

ታዲያ ብር ይቆጥባል ወይ? እስቲ እናስላው። 100 ግራም ሜቶል ወደ 13 ሊትር ዲ-23 ይሠራል፤ አብሮት 1.3 ኪሎ ሰልፋይት ይፈልጋል። ጥሩ ሚዛንም መግዛት አለባችሁ። በዓመት ሁለት ፊልም ለሚያጥብ ሰው ይሄ ሁሉ ቁጠባ ሳይሆን መደርደሪያ ላይ የሚያረጅ ዱቄት ነው። እንደ እቁብ ተሰባስበው አንድ ሚዛንና አንድ ኪሎ ለሚካፈሉ የትምህርት ቤት ክበብ አባላት ግን እውነተኛ ቁጠባ ነው። ቁጠባው የሚመጣው ከመበጥበጡ ሳይሆን ከብዛቱ ነው።

አንድ ወጪ ደግሞ በፍጹም አይቆጠብበትም፤ ጓንትና የተለየ ዕቃ። ሜቶል አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ አለርጂ ያስነሳል። ሰልፋይት ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ምስሉን የሚያጸናው ሃይፖም ካገለገለ በኋላ ከፊልሙ ያነሳውን ብር ስለሚይዝ ቦይ ውስጥ አይደፋም። የተበጠበጠበት ማንኪያና ጆግም ወደ ወጥ ቤት አይመለስም።

መጽሐፉን አንብቡት፤ ገንዘብ ባያተርፍላችሁ እንኳ ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ ያሳውቃችኋል። ርዕሱን ግን አትመኑት፤ በእጃችሁ ያለው የላብራቶሪ መጽሐፍ ነው።