ጠመንጃና ጥይት እኩል እንዲደርሱ

በመከላከያ ግዥ የስታፍ አስተባባሪ ሥራ ብዙ ጊዜ ደብዳቤ እንደማመላለስ ይታያል፤ የጦር ክፍሉ ይጠይቃል፣ ግዥ ክፍሉ ይገዛል፣ ፋይናንስ ይከፍላል፣ አስተባባሪው ፋይል ይዞ በመካከላቸው ይሯሯጣል። የሙያው እምብርት ግን መሣሪያው፣ ጥይቱ፣ መለዋወጫውና የሠለጠነው ሰው በአንድ ጊዜ እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ፣ ብዙ የውጭ ምንዛሪ የወጣበት ግዥ መጋዘን ያጣበበ ብረት ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ ታሪካችን በቂ ማስረጃ አለው። በዓድዋ ዘመን የሠራዊታችን ጠመንጃ ከየአገሩ የተሰበሰበ ነበር፤ የፈረንሳዩ ውጅግራ 11፣ የጣሊያኑ ቬተርሊ 10.35 ሚሊሜትር ጥይት ስለሚጎርሱ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ከአሜሪካ ጋር በ1945 ዓ.ም. ከተፈረመው የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት በኋላ ደግሞ ሠራዊቱ በአሜሪካ መሣሪያ ታጠቀ። በ1969 ዓ.ም. ያ ግንኙነት ተቋርጦ ሶቪየት ኅብረት ስትተካ፣ ሶማሊያ በወረረችበት ሰዓት፣ ከጠመንጃው ጋር ጥይቱም መለዋወጫውም ሥልጠናውም መቀየር ነበረበት። የአሜሪካው ኤም 14ም ሆነ የሶቪየቱ ክላሽ 7.62 ሚሊሜትር ይባላሉ፤ የቀለሁ ርዝመት ግን የመጀመሪያው 51፣ የሁለተኛው 39 ሚሊሜትር ነው። ዝርዝር መግለጫው «7.62» ብቻ ብሎ ካለፈ፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ (ሞዴል 19) ተቆርጦ ርክክቡ በወረቀት ያምራል፤ ወታደሩ ግን ጠመንጃው የማይጎርሰውን ጥይት ይታደላል። ይህችን የቀለህ ርዝመት ቁጥር ውል ከመፈረሙ በፊት ከተጠቃሚው ክፍል ጋር ቁጭ ብሎ ማጣራት የአስተባባሪው ድርሻ ነው።

«ሌላ ጠረጴዛ መጨመር ሌላ መጓተት ነው» የሚሉ አሉ። አስተባባሪው ማኅተም ይዞ ተራ የሚያስጠብቅ ከሆነ ልክ ናቸው። ሥራው መፍቀድና መከልከል ሳይሆን ቀድሞ መጠየቅ ሲሆን ግን፣ የሚወስደው ጊዜ የተሳሳተ ዕቃ መልሶ ለመለወጥ ከሚባክነው ጋር አይወዳደርም። ሌሎች ምስጢርን ያነሳሉ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነው። የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001ም ለብሔራዊ ደህንነትና ለመከላከያ የተለየ የግዥ ዘዴ እንዲወሰን ፈቅዶ ነበር። ነገር ግን በግልጽ ጨረታ የመግለጫውን ስህተት ተጫራቾች ራሳቸው ጠይቀው ያወጡታል፤ በዝግ ግዥ ያ ዓይን የለም። ስለዚህ ምስጢሩ በጠበቀ መጠን፣ ለማወቅ የተፈቀደለት አንድ ጠያቂ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል። «ሥልጣን የሌለውን ማን ይሰማዋል?» ለሚሉም መልሱ ቃለ ጉባኤ ነው፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚያቀርብ ተጽፎ በሁሉም ከተፈረመ፣ አስተባባሪው ከማዕረጉ በላይ ይደመጣል። አለቆችም ይህን ሰው የሚመዝኑት ባመላለሰው ደብዳቤ ብዛት ሳይሆን፣ በርክክቡ ማግስት ክፍሉ መሣሪያውን መተኮስ በመቻሉ ሊሆን ይገባል።