ሴኪዩር ቡትን ከማጥፋታችሁ በፊት

በባሕር ዳር የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ለሁሉም በሽታ የሚታዘዝ አንድ መድኃኒት አለ፤ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት። ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ከከርነል አፕዴት በኋላ አልነሣ ካለ ባዮስ ተገብቶ ይጠፋል። ዋይፋይ ካልሠራ ይጠፋል። ፕሮጀክተር አልታይ ካለም እንዲሁ። በዚህ ያልዳነ ማሽን ፎርማት ይደረግና ደንበኛው “ዳታህ ተርፏል፣ ተመስገን በል” ተብሎ ይሸኛል።

መድኃኒቱ አንዳንዴ ይሠራል፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ጭራሽ የማይሠራ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ተገደን ምክንያቱን እንፈልግ ነበር። ማሽን ሲመጣልኝ ቀድሜ የማጣራው ማን ማንን እንደከለከለ ነው። እሱ ከታወቀ የቀረው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው።

ሴኪዩር ቡት እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር በየላፕቶፑ የተስፋፋ ቁጥጥር ነው። አሠራሩ ደብዳቤ ይዞ መንግሥት መሥሪያ ቤት እንደመሄድ ነው፤ መዝገብ ቤቷ ደብዳቤው እውነት ይናገር ይዋሽ አትመረምርም፣ ቲተሩንና ማኅተሙን አይታ ትቀበላለች ወይም ትመልሳለች። ላፕቶፑ ሲበራ ቀድሞ የሚነቃው ፈርምዌር፣ እኛ በልማድ ባዮስ የምንለው፣ የማይክሮሶፍትን የምስክር ወረቀት ከፋብሪካው ይዞ ይወጣል። የሊኑክስ አዘጋጆች ከእያንዳንዱ ላፕቶፕ አምራች ጋር እየተደራደሩ ቁልፋቸውን ማስገባት ስለማይችሉ ሺም የሚባል ትንሽ ፕሮግራም መሀል ገባ። የከርነል ባለሙያው ማቲው ጋሬት እ.ኤ.አ. በ2012 ያዘጋጀው ነው። ሺም በማይክሮሶፍት ተፈርሞለት ያልፋል፤ በውስጡ ደግሞ የአከፋፋዩን ቁልፍ፣ ኡቡንቱ ከሆነ የካኖኒካልን፣ ይዟል። በዚያ ቁልፍ ግራብን፣ የሚነሣውን ከርነል የሚያስመርጠውን ፕሮግራም፣ ይፈትሻል። ግራብ ከርነሉን በሺም ያስፈትሻል። ከርነሉ ተራው ሲደርስ ድራይቨሮቹን ይፈትሻል።

እንግዲህ አራት ፍተሻ አለ፤ ማሽኑ የቆመበት ቦታም በየትኛው ላይ እንደወደቀ ይናገራል። የአምራቹ ዓርማ ገና ከስክሪኑ ሳይወርድ ፊርማው ልክ አይደለም የሚል ሳጥን ከወጣ ፈርምዌሩ ሺምን አልተቀበለውም። የግራብ ዝርዝር ወጥቶ ከርነሉን ስትመርጡ የሺም ፊርማ ልክ አይደለም፣ መጀመሪያ ከርነሉን ጫን የሚል ተከታታይ መልእክት ከመጣ ከርነሉ የታወቀ ፊርማ የለውም ማለት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው አዲሱን ከርነል ለማየት ቸኩለው ከኡቡንቱ የሙከራ ክምችት በእጃቸው አውርደው የሚጭኑ ወጣቶችን ነው። እዚያ ያሉት ከርነሎች በካኖኒካል ቁልፍ አልተፈረሙም። በግራብ ውስጥ አድቫንስድ ኦፕሽንስ የሚለውን ከፍቶ በቀድሞው ከርነል መነሣት፣ ከዚያ ያልተፈረመውን ማስወገድ ነው። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን የቀድሞውን የሚያቆየው ለእንዲህ ያለ ቀን ስለሆነ ቦታ ለማትረፍ ብላችሁ አትሰርዙት።

ከፊርማ ጋር ምንም የማያገናኘው፣ ግን ሁልጊዜ በሴኪዩር ቡት የሚሳበብ ሌላ ጣጣም አለ። ከርነሉ ተነሥቶ ዋናውን የፋይል ሥርዓት ማግኘት አልቻልኩም ብሎ በፓኒክ ከቆመ ፊርማው አልፏል። ባይታመን ኖሮ እዚህ ድረስ አይመጣም ነበር። የእኛ ከተማ ምክንያት የታወቀ ነው፤ አፕዴቱ መሀል ላይ እያለ መብራት ሄዷል። (የጣናን ውኃ ተጠቅሞ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሐይቁ ዳር የምንኖረው ግን ክረምት በገባ ቁጥር ነጎድጓዱንና የመብራት መጥፋቱን ለይተን አንቆጥራቸውም።) ባትሪው የደከመ ላፕቶፕና ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከርነሉን ዲስክ ላይ አስቀምጠው፣ ሲነሣ የሚያስፈልገውን የመነሻ ምስል ሳይጨርሱ ይጠፋሉ። በቀድሞው ከርነል ተነሥቶ በግማሽ የቀሩትን ፓኬጆች ማስጨረስና የመነሻውን ምስል እንደገና ማሠራት ይበቃል። የቡት ክፍልፋዩ ሞልቶ እንደሆነም ማየት ነው፤ ምልክቱ አንድ ዓይነት ነው።

አራተኛው ፍተሻ ላይ የሚወድቀው ማሽን ይነሣል፤ አንድ ዕቃ ብቻ ይጎድለዋል። ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንድ መምህር ላፕቶፓቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ገና ሳይቀመጡ “የመመለሻዋ ጀልባ ሳትነሣ ይደርስልኛል?” አሉኝ። “ይድረስልዎት አይድረስልዎት አይቼ ልንገርዎት” አልኳቸው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ ማሽኑ ለወራት አፕዴት ሳያይ ቆይቷል። በኋላ ከተማ መጥተው መስመር ሲያገኙ የተከማቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ኡቡንቱ 22.04 ከርነሉን ከ6.2 ወደ 6.5 አሻገረው፤ ዋይፋዩም በዚያው ቀረ። ከእኔ በፊት ያየው ሰው ሴኪዩር ቡትን አጥፍቶት ነበር። ዋይፋዩ ግን አልተመለሰም፤ ቀጣዩ እርምጃ ፎርማት እንደሆነ ተነግሯቸዋል።

የዚያ ላፕቶፕ የብሮድኮም ዋይፋይ ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አብሮ አይመጣም። ዲኬኤምኤስ የሚባለው መሣሪያ ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እዚያው ማሽኑ ላይ ይገነባዋል። ሁኔታውን ስጠይቀው ድራይቨሩ ለ6.2 ተሠርቷል፣ ለ6.5 የለም። የግንባታውን መዝገብ ስከፍት ነገሩ ተገለጠ፤ 6.5 የተገነባው በጂሲሲ 12 ነው፣ ማሽኑ ላይ ያለው ደግሞ ጂሲሲ 11። አሮጌው ኮምፓይለር የማያውቀው ትእዛዝ ደርሶት ሥራውን አቁሟል። ድራይቨሩን ማንም አልከለከለውም፤ ድራይቨሩ ራሱ አልነበረም። የሌለ ነገር ደግሞ ቁጥጥር ስላጠፉለት አይመጣም። የኔትወርክ ኬብል ሰክቼ ጂሲሲ 12ን አወረድኩ፤ ዲኬኤምኤስ ድራይቨሩን ሠርቶ ቀድሞ በተመዘገበው ቁልፍ ፈረመው፤ ሴኪዩር ቡቱን መልሼ አበራሁና ዋይፋዩ ተነሣ። መምህሩ ጀልባቸው ላይ ደርሰዋል።

የአንድ የፖሊ ግቢ ተማሪ ጉዳይ ግን እውነተኛ የፊርማ ጉዳይ ነበር። “ጋሼ፣ ስክሪኑ ሁሉ ተለጠጠብኝ፣ ሁለተኛውን ስክሪን ደግሞ ጭራሽ አያየውም” ብሎ መጣ። የኢንቪዲያ ካርድ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። የቀድሞ ባለቤቱ ባዮሱን በፓስወርድ ቆልፎት ስለሄደ የከተማችንን መድኃኒት እንስጠው ብንል እንኳ አይቻልም። ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ ላፕቶፖችን የሚጠግን ሰው ይህን ቁልፍ በደንብ ያውቀዋል።

የከርነሉን መዝገብ አንብቡ፤ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ መልእክቶች አሉት። አንዱ ያልተፈረመ ሞጁል፣ ማለትም ድራይቨር፣ ተከልክሏል ይላል። ሌላው ቁልፉ የማይገኝ ሞጁል ተከልክሏል ይላል። የመጀመሪያው ፈራሚ አጥቷል። ሁለተኛው ተፈርሟል፣ ፈራሚው ግን አይታወቅም። የተማሪው ማሽን የሚለው ሁለተኛውን ነበር። ቀድሞ ይጠቀምበት የነበረው የኢንቪዲያ ድራይቨር በካኖኒካል ተሠርቶና ተፈርሞ የመጣ ነው። ለአዲሱ ከርነል የሚስማማው ዝግጁ ፓኬጅ ስላልተጫነ ዲኬኤምኤስ እዚያው ሠራው፣ ማሽኑ ለራሱ ባወጣው ቁልፍም ፈረመው። ያንን ቁልፍ ግን ለሺም ያስተዋወቀው ሰው የለም።

ማስተዋወቂያው ሞክ ይባላል፤ የማሽኑ ባለቤት ቁልፍ ማለት ነው። ሺም ራሱ የሚይዘው መዝገብ ስለሆነ የባዮሱን ፓስወርድ አይጠይቅም። ሞክዩቲል በሚባለው ትእዛዝ ቁልፉ እንዲመዘገብ ይጠየቃል፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፣ ከዚያ ሪስታርት። ሲነሣ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዊንዶውስ የተበላሸ መስሎት ደንግጦ ያጠፋዋል፤ ሌላው ቡና ሊያፈላ ይነሣል። ስክሪኑ የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ማንም ምንም ካልነካ ጥያቄውን ጥሎ ወደ ሊኑክስ ያልፋል፣ ሥራውም ከመጀመሪያው ይጀመራል። በጊዜው ከነካችሁት ኢንሮል ሞክ የሚለውን መርጣችሁ፣ ቁልፉን አይታችሁ፣ የይለፍ ቃሉን ታስገባላችሁ። ስትጽፉ ምንም አይታያችሁም። ሰማያዊው ስክሪን የአሜሪካን ኪቦርድ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የይለፍ ቃሉን ስትሰጡ የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከነበረ ግዕዝ ገብቷልና እዚህ ልትደግሙት አትችሉም። እኔ ሁልጊዜ ስምንት ቁጥር እሰጣለሁ። የተማሪው ስክሪን ከዚህ በኋላ ተስተካከለ።

ይህ ቁልፍ ፍጹም መከላከያ ነው አልልም። የምስጢሩ ግማሽ እዚያው ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ የሩት ሥልጣን የያዘ ሰው የፈለገውን ሊፈርምበት ይችላል። ቢሆንም የመነሻውን መንገድ ይጠብቃል፤ ከማጥፋት ይሻላል።

ማጥፋት ዳታ የሚያስከፍልበት ጊዜም አለ። ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ባሉበት ላፕቶፕ ዊንዶውሱ በቢትሎከር ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ በዊንዶውስ 11 ባለቤቱ ሳያውቀውም ይሆናል። ሴኪዩር ቡት ሲጠፋ ቢትሎከር ማሽኑ የተነካካ ይመስለውና 48 አሃዝ ያለው የመመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል። ደንበኛው “የምን ቁልፍ?” ይላል። ቁልፉ በማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥም ሆነ ሌላ ቦታ ካልተገኘ ዳታው ተቆልፎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ዊንዶውስ ካለ መጀመሪያ ቢትሎከሩን በጊዜያዊነት አግዱ።

አጥፋ የምልበት ጊዜም አለ። ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ አፕዴት ቀዳዳ ያለባቸውን አሮጌ የግራብ ቅጂዎች እንዲያግድ ተደርጎ ነበር። ሁለቱ አብረው ያሉበትን ማሽን እንዲያልፍ ታስቦ ነበር፤ አንዳንዱን ግን አላለፈውም። ሊኑክሱ አንድ ከባድ ችግር ተፈጥሯል ብሎ እምቢ አለ። ብዙ ሰው የወቀሰው በቅርቡ የጫነውን ከርነል ነው፤ ነገሩ የመጣው ግን ከጎኑ ካለው ዊንዶውስ ነበር። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት፣ ሊኑክስ ገብቶ የእገዳ ዝርዝሩን በሞክዩቲል መሰረዝ፣ ሪስታርት ማድረግና መልሶ ማብራት ነበር። መልሶ ማብራቱን ነው ሁሉም የሚረሳው። ተማሪዎች ከርነል እየገነቡ በሚለማመዱበት የማስተማሪያ ማሽን ላይ ደግሞ እኔም አጠፋዋለሁ፤ የሚጠበቅ ዳታ የለውም።

አንድ ቀጠሮ ልብ በሉ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውና ሺም የሚፈረምበት የምስክር ወረቀት ዘመን ሰኔ 2018 ዓ.ም. ላይ ያበቃል። በእሱ የተፈረመው አሮጌ ሺም በአብዛኛው መነሣቱን ይቀጥላል፤ አዲሶቹ የሚፈረሙት ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ነው። እሱን ያልተቀበለ ፈርምዌር አንድ ቀን አዲሱን ሺም ይመልሰዋል። መስመር ስታገኙ ከርነሉን ብቻ ሳይሆን የፈርምዌሩን አፕዴትም ተቀበሉ፤ ኡቡንቱም ዊንዶውስም ያቀርቡታል።

ማሽናችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ቻርጀሩን አትርሱ። ዊንዶውስ ካለበት 48ቱን አሃዝ በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ደግሞ ማሽኑን ከማጥፋታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡልኝ፤ “አፕዴት አድርጌ እምቢ አለኝ” ከሚለው ይልቅ እሱ ይበጀኛል።