ፉከራና ኑዛዜ፦ የኬንድሪክ ላማር አልበምና የአድማጮቹ ምርጫ

በሐምሌ 2015 (እ.ኤ.አ.) ክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ የጥቁሮች መብት ተሟጋቾች ከፖሊስ ጋር ተፋጠው ሳለ የኬንድሪክ ላማርን «ኦልራይት» አዝማች በአንድ ድምፅ አስተጋቡ። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ የሰልፍ መዝሙር ሆነ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት የወጣው «ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ» የተባለው አልበምም በዚህ ዘፈን ተለይቶ ታወቀ። ይህ ዝና የሚገባው ቢሆንም፣ በእኔ እምነት የአልበሙን ፖለቲካ ግማሽ ብቻ ነው የያዘው።

ራፕ ከፉከራ ጋር ይቀራረባል። ፎካሪው ዘሩንና ጀግንነቱን ይዘረዝራል፤ ባላንጣውን ያሳንሳል። ኬንድሪክም ይፎክራል፤ «ኪንግ ኩንታ» ላይ በባርነት ተሽጦ እግሩን የተቆረጠውን ኩንታ ኪንቴን አንግሦ ይነሣል። የአልበሙ አከርካሪ ግን ኑዛዜ ነው። «ዩ» በተባለው ዘፈን ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻውን ሰክሮ፣ እያለቀሰ ራሱን ይከሳል፦ ሚሊዮኖችን አጽናንቶ የገዛ ወገኖቹን ትቷል፤ ጓደኛው ሆስፒታል ሲሞት በስልክ ብቻ አይቶታል። የድምፁ መሰባበርና የሳክስፎኑ ጩኸት ለማዳመጥ ያስጨንቃሉ። ወዲያው የሚከተለው ዘፈን «ኦልራይት» ነው። ይህ ቅደም ተከተል ታስቦበት የተደረገ ነው። ሰልፈኛው የዘመረው ተስፋ ራሱን ለመጥላት ከተቃረበ ሰው አፍ የወጣ ተስፋ ነው፤ ከ«ዩ» ሲነጠል ዋጋው ይቀንሳል።

ሙዚቃውም ይህንኑ ያግዛል። ካማሲ ዋሺንግተን፣ ተንደርካት፣ ቴሬስ ማርቲንና ሮበርት ግላስፐር ያመጡት ጃዝና ፈንክ አድማጩን በአንድ ምት ላይ አያሳርፈውም። አንድ ግጥም ከዘፈን ወደ ዘፈን ስንኝ እየጨመረ ያድጋል፤ ሙሉው የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ዘፈኖቹን ነጥሎ የሚሰማ ሰው ይህን ክር አያገኘውም።

ተቃውሞው ከሁለት ወገን መጣ። የመጀመሪያው ቀላል ነበር። ኬንድሪክ በሰኔ 2015 በቢ.ኢ.ቲ. ሽልማት መድረክ የፖሊስ መኪና ላይ ቆሞ ሲዘፍን፣ የፎክስ ኒውሱ ሄራልዶ ሪቬራ ሂፕ ሆፕ በጥቁር ወጣቶች ላይ ከዘረኝነት የባሰ ጉዳት አድርሷል ሲል ከሰሰ። ሁለተኛው ግን ከወገን የመጣ ነው። አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ኬንድሪክ ለቢልቦርድ መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ የጥቁሩ ወጣት የማይክል ብራውን በፖሊስ መገደል ሊሆን የማይገባው ነገር መሆኑን ተናግሮ፣ ራሳችንን ካላከበርን ሌላው እንዴት ያከብረናል ብሎ ጠየቀ። ብዙዎች ጥፋቱን በተገዳዩ ላይ ጫነ ብለው ተቆጡ። ስለ ቃለ ምልልሱ ተቺዎቹ ትክክል ነበሩ፤ የፖሊስ ጥይት የሟቹን ራስን ማክበር አይጠይቅም። «ዘ ብላከር ዘ ቤሪ» ላይ የተነሣው ተመሳሳይ ክስ ግን ልዩነት አለው። እዚያ ተናጋሪው ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ግብዝ የሚለው ራሱን ነው፤ ፍርዱ ከእሱ ይጀምራል፣ ወደ ሌላው የሚሻገርም ከሆነ ከእሱ በኩል ነው። የአልበሙ እውነተኛ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። ራፕሶዲ በ«ኮምፕሌክሽን» ከምታሰማው ብርቱ ድምፅ በቀር፣ ሴቶች በዚህ የወንዶች ክርክር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ፈተና ወይም መጽናኛ ሆነው ይቀራሉ።

ለእኛ አንባቢዎች ልዩ ትርጉም ያለው ዘፈን «አይ» ነው። በአልበሙ ውስጥ እንደ መድረክ ዝግጅት ይቀርብና ታዳሚው ሲጣላ ይቋረጣል። ኬንድሪክም ጠበኞቹን ለማብረድ፣ ጥቁሮች ይሰደቡበት በነበረው ቃል ፋንታ «ንጉሥ» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል ቆጥሮ ያቀርባል፤ ምንጩም ኢትዮጵያ መሆኗን ይናገራል። ከዚህ ጀርባ ረጅም ታሪክ አለ፦ በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በጃማይካ የቀሰቀሰው የራስ ተፈሪያን እምነት፣ በ1935 የጣሊያን ወረራ ሃርለምን ለሰልፍ ያስወጣበት ቁጣ። ለ1960ዎቹ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ግን ዘውዱ መሬት ለአራሹ እንዳይሆን የቆመ ኃይል ነበር። ኩራታችን ተገቢ ነው፤ ሆኖም ለኩራታችን ስንል ብቻ ብናዳምጥ አልበሙን እንደ ሰልፈኞቹ እንከፍለዋለን። ንግሥናን ካወጀው ዘፈን ቀጥሎ የሚመጣው «ሞርታል ማን» ነውና። እዚያ ኬንድሪክ መሪ ሲከሰስና ሲዋረድ ተከታዮቹ ይጸኑ እንደሆነ እየደጋገመ ይጠይቃል። የነገሠው ሰው ሟችነቱን ያውቃል።

አልበሙ በ2016 የግራሚን የምርጥ ራፕ አልበም ሽልማት አገኘ፤ የዓመቱ አልበም ክብር ግን ለቴይለር ስዊፍት ተሰጠ። ፕሬዚዳንት ኦባማ «ሃው መች ኤ ዶላር ኮስት»ን የ2015 ምርጫቸው አድርገው ጠቀሱ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው አቀባበል በኒው ጀርሲ ኖርዝ በርገን ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያደረገው ነው። መምህሩ አልበሙን ከቶኒ ሞሪሰን «ዘ ብሉዌስት አይ» ጋር አጣምሮ አስተማረ፤ ተማሪዎቹም ጥቁር ልጅ መልኩን እንዲጠላ የሚያደርገው ምን እንደሆነ በሁለቱ ሥራዎች መካከል እየተመላለሱ መረመሩ። ኬንድሪክም በሰኔ 2015 ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ የጻፉትን አደመጠ። በዚያ ክፍል «ዩ» እና «ኦልራይት» አልተነጣጠሉም።