ስለ ድጓ ምልክትና ስለ ታብሌት

በጋምቤላ፥ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፥ ድጓን በስልክ ወይም በታብሌት ይዞ ወደ ቅኔ ማኅሌት የሚገባ ካህን ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። አንዳንዶች ይህን ያመሰግኑታል፤ አንዳንዶችም የመጽሐፍ ክብር ከብራና ወደ መስታወት ወረደ ብለው ያዝናሉ። እኛ ግን ልንመረምረው የወደድነው የብራናውንና የመስታወቱን ክብር አይደለም። በመስታወቱ ላይ የሚታየው ጽሕፈት በእውነት ድጓ ነውን? ጥያቄያችን ይህ ነው።

አስቀድሞ የአገሩ ጠባይ ይታሰብ። ጋምቤላ በባሮ ወንዝ ዳር፥ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ የምትገኝ ቆላ ናት። ሙቀቱና የክረምቱ እርጥበት ብራናን ያጨማድዳል፤ ወረቀትን ምስጥ ይበላዋል። ምእመናኑም በመንግሥት ሥራና በንግድ የመጡ፥ በ1977 እና በ1978 ዓ. ም. ከወሎና ከትግራይ የሰፈሩ፥ በአገሩም የተወለዱ ናቸው። የድጓ ምስክር የሚሰጥበት ቤተ ልሔም ግን ወዲያ በጋይንት ደጋ ነው። እንግዲህ ድጓን፥ ጾመ ድጓን፥ ዝማሬንና መዋሥዕትን በአንድ እጅ አንሥቶ ለመሄድ የሚያስችል ዕቃ ቢገኝ የሚነቅፈው ማነው? ሙቀቱ ለታብሌቱም አይመችም የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፥ አንዳንዶቹ ሠሪዎች ከ35 ዲግሪ በላይ አታሠሩት ይላሉ፥ የጋምቤላም የየካቲትና የመጋቢት ቀን ከዚህ ያልፋል። ነገር ግን ማኅሌት የሚቆመው በሌሊት ነውና ክሱ እንደሚወራው አይከብድም። ጧፍም አያሻውም። ባትሪውን በዋዜማው መሙላት ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ወዲህ ነው። ድጓ ሁለት ጽሕፈት ያለው መጽሐፍ ነው፤ አንዱ ንባቡ፥ ሁለተኛው በንባቡ ራስ ላይ የሚቀመጠው ምልክት። ንባቡና ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው። ምልክቱን ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1533–1551 ዓ. ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ሊቃውንት ያስተምራሉ። ከምልክቱም አንዱ ወገን ይዘት፥ ደረት፥ ቅናት፥ ጭረት፥ ድፋት፥ ቁርጥ፥ ርክርክ፥ ሂደት የሚባሉት ናቸው። ሌላው ወገን ከታወቀ የዜማ ቃል የተቀነሱ አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት ደቃቅ ፊደሎች ሲሆኑ ቍጥራቸው ብዙ መቶ ነው። የዜማ ልጅ እነዚያን ፊደሎች ሲያይ የተቀነሱበት ቃል ከነዜማው ትዝ ይለዋል፤ ድምፁንም በዚያ ይመራል።

አሁን በታብሌት የሚዞረው ድጓ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የመጽሐፉን ቅጠል በፎቶግራፍ ያነሣ ነው፤ ይህ ጸሐፊው የጻፈውን ሁሉ፥ ቀዩንም ጥቁሩንም፥ ሳይቀንስ ያሳያል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1973 ተጀምሮ ከ9 ሺሕ በላይ የብራና መጻሕፍትን ያነሣው የማይክሮፊልም ሥራም ያተረፈልን በዚሁ መንገድ ነው። ሁለተኛው በኮምፒዩተር ፊደል እንደ ገና የተለቀመው ነው። ይህኛው ለዓይን ያማረ፥ ቃል ለመፈለግም የቀለለ ነው፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ምልክቱ የለበትም።

ምክንያቱ የጸሐፊዎቹ ስንፍና ብቻ አይደለም። ዩኒኮድ የሚሉት የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1999 የኢትዮጵያን ፊደል፥ በ2005 ደግሞ አጭር ርክርክንና ደረት ሂደትን ጨምሮ ዐሥር የዜማ ምልክቶችን ተቀበለ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም ምልክቶቹ የገቡት ራሳቸውን ችለው በመሥመር እንዲቆሙ ሆነው ነው እንጂ በፊደል ላይ እንዲቀመጡ ሆነው አይደለም። ደቃቆቹንም ፊደሎች በሁለት መሥመር መካከል ለማኖር ልዩ አሰናዳድ ያሻል። እንዲህ ሆኖ በብዙ ድካም ቢጻፍ እንኳ፥ አንባቢው ጽሕፈቱን ለማጉላት ጣቱን ሲያሳርፍ መሥመሩ ይሰበርና ምልክቱ ከፊደሉ ሊለይ ይችላል። ምልክቱ የሌለበት ድጓ ለንባብ ይጠቅማል፤ ለዜማ ግን መጽሐፍ አይባልም።

በ2005 ዓ. ም. የብራስልስ ፊልሐርሞኒክ የሙዚቃ ጓድ የወረቀት ኖታውን ትቶ በታብሌት መጫወቱን የሚያነሡ አሉ። ምሳሌው ግን ከእኛ ጋር በሙሉ አይገጥምም። የአውሮጳ ተጫዋች ኖታውን ከፊቱ አቁሞ ዓይኑን ሳይነቅል ይጫወታል፤ የእኛ መሪጌታ ግን በአንድ እጁ ጸናጽል፥ በአንዱ መቋሚያ ይዞ በቃሉ ይመራል። ለእኛ የመጽሐፍ ዋና ቦታው ጉባኤ ቤት ነው። በዚያም የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ እየጻፈ ይማር ነበር፤ ምልክቱን አንድ በአንድ ሲያስቀምጥ እጁም ጆሮውም አብረው ይማሩ ነበር። ታብሌት በአንድ ቅጽበት ድጓውን ሁሉ ከሰው ወደ ሰው ሲያሻግር ያስቀረው ትምህርት ይህን ነው፤ በእኔ ሚዛን ከብራናው መቅረት ይልቅ ይህ ይከብዳል።

የጋምቤላ ሰው ይህን ከሌላው ይልቅ የሚያስተውል ይመስለኛል። የኑዌርና የአኙዋ ቋንቋዎች የድምፅ መውጣትና መውረድ የቃልን ፍቺ የሚለይባቸው ናቸው። ኑዌርኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በተለመደው አጻጻፍ ያ መውጣትና መውረድ አይጻፍም፤ የቋንቋው ልጅ ግን ከሰማው ሞልቶ ያነበዋል፥ እንግዳው ይሳሳታል። ከእነዚህ ወገኖች መካከል ዜማ ሊማር የመጣ ወጣት ምልክት አልባ ድጓ ቢሰጠው፥ በገዛ ቋንቋው እንግዳ ሰው የሚደርስበት ስሕተት በድጓው በእርሱ ላይ ይደርሳል። የሰለጠነ ጆሮውን የምንጠቀምበት መምህር ከጎኑ ሲቆም ነው።

ስለዚህ ድጓን ለታብሌት የሚያሰናዱ ወንድሞች ለፍለጋ የሚሆነውን የተለቀመ ንባብ ከቅጠሉ ፎቶግራፍ ጋር አጣምረው ቢያወጡት፥ የመጽሐፉንም ጸሐፊና ምልክቱ የየትኛው ጉባኤ ቤት እንደ ሆነ በመጀመሪያው ገጽ ቢያስታውቁ መልካም ነው፤ የቤተ ልሔሙን ዜማ ከሌላው ስልት ጋር ደባልቆ ያለ ስም የሚዞር ቅጂ ከአሁኑ አለና።